ገብስማው ኩታ

ጥፋቱ የጀመረው ከነጋዴው መሐላ ነው። “ንጹሕ ጥጥ ነው፤ ጊዮርጊስን!” ብሎ ነጭ ኩታ ሸጠልኝ። የገዛሁት ለአባቴ ነበር። አባቴ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የለበሱት ያንን የጎጃም ገበሬ ከሩቅ የሚታወቅበትን አረንጓዴ ቁምጣና አረንጓዴ ኩታ ነው። የድሮው ኩታቸው ነትቦ ማዶ ያሳያል። ደብረ ማርቆስ ሊጠይቁን ሲመጡ በገዛ እጄ የቀለምሁትን አልብሼ ልሸኛቸው አሰብሁ። ተቀልሞ ያለቀለት አረንጓዴ ኩታ ገበያው ሙሉ ነው የሚል ይኖራል። ባለቤቴም ብሎኛል።

ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት የሚማር የእህቴ ልጅ አለ። ስደውልለት መጀመሪያ ከድሩም ከማጉም አንዳንድ ክር መዝዤ በክብሪት እንዳቃጥል አዘዘኝ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ የበግ ጠጉር እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ማጉ አመድ ሆነ። ድሩ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ነጋዴውን ለጊዮርጊስ ሰጠሁት።

“አክስቴ፣ ይህማ ዕድል ነው!” አለ ልጁ። “ለጥጡ አንድ ዓይነት ማቅለሚያ፣ ለፖሊስተሩ ሌላ ዓይነት ማቅለሚያ ይጨምራሉ። እያንዳንዱ ክር የራሱን ይመርጣል፤ በአንድ ውኃ ሁለት ቀለም ይወጣል።”

ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው “በአንድ ውኃ ሁለት ቀለም” የሚለውን ብቻ ነው። ዓይነት ሲል የማቅለሚያውን ጠባይ እንጂ መልኩን አለመሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ገበያ ወጥቼ ከአንዲት ሴት መደብ በማንኪያ እየተሰፈረ በወረቀት የሚቋጠረውን ዱቄት ገዛሁ፤ አረንጓዴው ለጥጡ፣ ቢጫው ለፖሊስተሩ። ይህን ክፍፍል ለዱቄቶቹ የነገራቸው አልነበረም። ሁለቱም የጥጥ ነበሩ።

ኩታ የሚያስተኛ ድስት ቤቴ የለም። የዕድራችን ትልቁ ድስት ግን በዚያ ወር እኔ ዘንድ ነበር የተቀመጠው። እዚህ ላይ ብዙ ባልናገር ይሻላል።

ቅዳሜ ማለዳ ጣድሁ። ጨው ማቅለሚያውን ከውኃው ወደ ጥጡ ይገፋዋል ስለ ተባለ ጨውን አልሰሰትሁም፤ ሁለቱንም ዱቄት በተንሁና እስከ እኩለ ቀን አማሰልሁ። ጓንት አድርጊ ያለኝን ባለቤቴን ቀናተኛ አድርጌ ቆጠርሁት። ጥጡ አላሳፈረኝም፤ አረንጓዴውንም ቢጫውንም ጠጣ። ፖሊስተሩ በሁዳዴ ቅቤ እንደ ቀረበለት ሰው አፉን ገጥሞ ቁጭ አለ። ደወልሁ።

“እሳት ልጨምርበት?”

“አክስቴ፣ ፋብሪካ ውስጥ ፖሊስተር የሚቀለመው ግጥም ባለ ጋን ታፍኖ፣ እስከ 130 ዲግሪ ሙቀት ነው። እርስዎ ያሉት ደብረ ማርቆስ።”

“ደብረ ማርቆስ ደግሞ ምን በደለች?”

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውኃዋ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ደን ብጨርስም ተን እንጂ ሙቀት አይጨምርም። ስንት ዓመት ሽንብራዬ አልበስል ሲል የረገምኋቸው እንጨት ሻጮች ፊቴ ላይ ተደረደሩ። “ደግሞ ያ ዱቄት ቢግልም ፖሊስተር አይነካም” ብሎ ጨመረ። ይህን ቀድሞ ቢናገር ምን ነበረበት? ተናግሬያለሁ ይላል። “ድስቱንም ከእንግዲህ ምግብ እንዳይሠሩበት።”

ኩታውን ገመድ ላይ ሰጣሁት። አንዱ ክር ያልበሰለ ሎሚ፣ አንዱ ክር ነጭ፤ ጠርዙ የተሰፋበትም ክር ፖሊስተር ኖሮ ዙሪያውን እንደ ጥርስ ነጭ ሆኖ ያገጥጣል። አባቴ በከዘራቸው ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩት።

“ልጄ፣ ይህ እኮ ገብስማ ነው። እንዲህ ያለች ዶሮ ነበረችን፤ እንቁላል ላይ ጎበዝ ነበረች።”

ለበሱት። አባት ናቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ ግን ኩታው ተጣጥፎ ብብታቸው ውስጥ ነበር።

ድስቱን በአመድና በአሸዋ ፈተግሁት፤ ጆሮው ሥር ያለው አረንጓዴ አልለቀቀም። ሰኞ ሌሊት ጎረቤት ሰው ሞተ። ጥሩምባው ሲነፋ ከሟች ቀድሞ ትዝ ያለኝ ድስቱ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ለዕድሩ ዳኛ “ድስቱ ተበስቷል፤ ሌላ እገዛለሁ” ብዬ ላክሁ። ውሸቴ ግማሽ ነው፤ ሌላ ገዝቻለሁ።

ለቅሶ ቤት እጄን ነጠላዬ ውስጥ ቀብሬ ተቀመጥሁ። ሐዘኔን አይተው ያጽናኑኝ ነበሩ። ምሳ ሲቀርብ አንድ ልጅ ማስታጠቢያውን ይዞ ከወዲያኛው ጥግ ጀመረ፤ ሰው በሰው እያለፈ መጣ። ዳኛው ከጎኔ ናቸው። ታጠቡ። ልጁ ወደ እኔ ዞረና ጣሳውን ዘንበል አድርጎ ጠበቀኝ። የማይበላ ሰው እንኳን እጁን ይዘረጋል፤ ዘረጋሁ። እስከ አንጓዬ አረንጓዴ ነኝ። ፖሊስተሩ እምቢ ያለውን ሁሉ የጠጣሁት እኔ ነበርሁ።

ልጁ ውኃውን ማፍሰስ ረሳ። ዳኛው እጄን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“መምህርት፣ ድስቱ የተበሳው በምንድን ነው ያሉኝ?” አሉ።