ሲብራራ የማይሞት ቀልድ

"ቀልድ ከተብራራ ሞተ" ይባላል። እኔ አልስማማም። የፕሮግራመሮችና የሒሳብ ሰዎች ቀልድ ላይ ደግሞ በጭራሽ አልስማማም።

ሐዋሳ ውስጥ ከሥራ መልስ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ኮዲንግ አስተምራለሁ። ዛሬ ማታ የተማርነው ባይነሪ ነበር፤ በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፍ የቁጥር አጻጻፍ። ያቺን የታወቀች ቀልድ ሰሌዳው ላይ ጻፍኳት፦ "በዓለም ላይ 10 ዓይነት ሰዎች አሉ፤ ባይነሪ የሚያውቁና የማያውቁ።" ክፍሉ ጸጥ አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ስምንቱስ የት ሄዱ?"

ሳቁ የመጣው በእሷ ጥያቄ ነው። ከዚያ አስረዳሁ። በባይነሪ ከቀኝ የመጀመሪያው ቦታ የአንድ ነው፣ ቀጥሎ ያለው የሁለት። ስለዚህ 10 ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ አንዱ ልጅ "በሦስት ብንቆጥርስ?" አለ። ያኔማ 10 ሦስት ይሆናል አልኩት። "በቃ፣ ሦስተኛው ዓይነት ሰው እኔ ነኝ!" አለ። ቀልዱ ተብራርቶለት ሌላ ቀልድ ወለደ። ይህ ልጅ የቁጥር ቤዝ፣ ማለትም በስንት እየቆጠርን እንደምንጽፍ፣ ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ እኔ ሌላ ፈተና አልፈትነውም።

ይሄ ነገር እንዲህ የሚያንገበግበኝ በምክንያት ነው። ሥራ ስጀምር አንድ ቢሮ ውስጥ ትልልቆቹ ፕሮግራመሮች ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይስቁ ነበር። ምንድን ነው ስላቸው "ተወው፣ አይገባህም" ይሉኛል። በኋላ ሳጣራ ያ ሁሉ ሳቅ ስለ 418 ነበር። ሁለት ደቂቃ ቢሰጡኝ ይገባኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998፣ አፕሪል ዘ ፉል በምንላት ቀን፣ ላሪ ማሲንተር የተባለ ሰው የቡና ማፍያን በኢንተርኔት ለማዘዝ የሚያስችል ደንብ ጻፈ። እንደ ቁም ነገረኞቹ የኢንተርኔት ደንቦች ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው፤ 2324። ትእዛዝ አለው፣ የስህተት ኮድ አለው። በራድን ቡና አፍላልኝ ብለህ ብታዘው "418፦ እኔ በራድ ነኝ" ብሎ ይመልስልሃል። ይሄን እዚህ አገር ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ቡና የሚፈላው በጀበና መሆኑን የማያውቅ የሐዋሳ ልጅ የለም። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ መግባት ነው። በ4 የሚጀምሩ ኮዶች ጥፋቱ የጠያቂው ነው ይላሉ፤ ሁሉም የሚያውቀው 404፣ "ገጹ አልተገኘም" የሚለው፣ አንዱ ነው። በ5 የሚጀምሩት ጥፋቱን ሰርቨሩ፣ ማለትም መልስ ሰጪው ኮምፒውተር፣ ላይ ያደርጋሉ። በራዱ ምን አጠፋ? ያጠፋው አዛዡ ነው፤ ስለዚህ በ4 ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህ ኮድ ከአንዳንድ የፕሮግራሚንግ መሣሪያዎች ይውጣ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። ፕሮግራመሮች ተነሥተው ተከራከሩለትና ቀረ። ደግ አደረጉ።

ይበልጥ የምወደው ግን የወፎቹን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990፣ በዚያችው በአፕሪል 1፣ ዴቪድ ዋይትዝማን የኢንተርኔት መልእክትን በወፍ እግር ላይ ጠቅልሎ ስለመላክ ደንብ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ያሉ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሲስተም ወዳጆች በርግብ የምር ሞከሩት። 9 ፓኬት (የመልእክት ቁራጭ) ላኩ፣ ለ4ቱ መልስ መጣ። ፈጣኑ መልስ እንኳ ከ53 ደቂቃ በላይ ወሰደ። ፓኬት ሎስን፣ ማለትም ፓኬት መንገድ ላይ ሲጠፋ፣ ባለፈው በዚህ ታሪክ ሳስተምር አንዷ "በአባ ኮዳ ብንልክስ?" አለች፤ የሐዋሳን ትልቅ አሞራ ማለቷ ነው። ጓደኛዋ ቀበል አድርጋ "አሞራ ገደል ሲደርስ ዓሣ ያይና እዚያው ይቀራል" አለቻት፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያችን ነው። ከዚህ በላይ ምን ማብራሪያ እጨምራለሁ?

የሒሳብ ሰዎች ቀልድ ደግሞ ፍቅር አለበት። አሌክሳንደር ግሮተንዲክ እ.ኤ.አ. በ1966 የፊልድስ ሜዳልያ የተባለውን ትልቅ የሒሳብ ሽልማት የተሸለመ ታላቅ የሒሳብ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ለምሳሌ የሚሆን ፕራይም ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል) ጥቀስ ሲባል "57" አለ ይባላል። 57 ግን 3 ሲባዛ በ19 ነው። እስከ ዛሬ 57ን "የግሮተንዲክ ፕራይም" ይሉታል። ሐሳቡ ሁሉ ጠቅላላው ሕግ ላይ ስለነበር ነጠላዋን ቁጥር ልብ አላላትም፤ የሚወዱትም ለዚህ ነው። ሒሳብ የሚፈሩ ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ሲፈታ አይቻለሁ።

ዛሬ መጨረሻ ላይ ቀን የሚቀበል ትንሽ ፕሮግራም እየሞከሩ ነበር። የስምንቱ ሰዎች ጠያቂ ጳጉሜን ለማለት ወር ላይ 13 አስገባች። ፕሮግራሙ እምቢ አለ። "418 ይበል እንጂ! እኔ የፈረንጅ ካላንደር ነኝ ይበል!" አለች። በሳቅ ሞትን። በሦስት የሚቆጥረው ልጅ ግን አልተዋጠለትም። "ጳጉሜን እኮ ወር ናት። ጥፋቱ የእኛ ካልሆነ በ5 ነው መጀመር ያለበት።" "ሰርቨሩ መች ተበላሸ?" አለችው። ተከራከሩ። እኔ 501 የሚባል ኮድ እንዳለ ነገርኳቸው፤ የተጠየቀው ነገር ሰርቨሩ ላይ ገና አልተሠራም ማለት ነው። "ይኸው! ጳጉሜን ገና አልተሠራችም!" አለ ልጁ።

እንግዲህ ሊሠሯት ተስማሙ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ ካልሆነ 5። በሚቀጥለው ክፍል የምንጀምረው ከዚህች መስመር ነው።