ከሰነቴ ወደ ሐረና

ትናንት ባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ፣ ድንኳን ውስጥ አደርን። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጠዋት ድንኳኑን ስከፍት የደጋ አጋዘን ዛፎቹ መሀል ቆሞ ያየኛል!

ከዚያ በሮቤና በጎባ አድርገን ወደ ሰነቴ አምባ ወጣን። 4,000 ሜትር ስንደርስ ራሴን ትንሽ አመመኝ፣ ግን ያ ሰፊ ሜዳ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል፣ ትንንሾቹ ኩሬዎች... ቃል የለኝም። መንገድ ዳር ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን አየን። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። ሞተር አጥፍተን ዝም ብለን አየነው።

በጣም የገረመኝ ቁልቁለቱ ነው። ሜዳው ድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፣ መጀመሪያ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎ ጭጋግ፣ ከዚያ እንደ ሽበት ጢም ነገር የተንጠለጠለባቸው ትልልቅ ዛፎች፣ እኔም ጃኬቴን አውልቄ በቲሸርት ቀረሁ። ሪራ መንደር ላይ የጫካ ማር ገዛን።

አሁን ጫካው ውስጥ ካቻ የሚባል የድንኳን ማረፊያ ነን። እሳት ነዷል፣ ቡናው እየፈላ ነው። በሰነቴ የምታልፉ ሰዎች ግን እባካችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቀበሮዎቹ መንገዱን ያቋርጣሉ፣ በመኪና ተገጭተው የሚሞቱ አሉ።