መብራት በጠፋበት ማታ ያየኋት ኮሜት

አዲስ ኮሜት፣ ማለትም ጅራታም ኮከብ፣ ያገኘሁ የመሰለኝ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ክርኔን አጥሩ ላይ አስደግፌ በባይኖኩላር ሰማዩን ሳስስ ነበር። ሌሎቹ ከዋክብት እንደ መርፌ ጫፍ ጥርት ብለዋል። አንዷ ብቻ ጭጋግ የለበሰች ትመስላለች። ልቤ ዘለለ። ወዲያው ለጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ ግን ረጋ ብሎ «ነገ ማታ ደግመህ እያት። ኮሜት ከሆነች ቦታ ትቀይራለች» አለኝ።

በማግስቱ እዚያው ናት። በሦስተኛውም ቀን እዚያው። ለካ ኤም 5 የሚባለው የከዋክብት ክምችት ነው። ከ100 ሺህ በላይ ከዋክብት ከርቀታቸው የተነሳ አንድ ጭጋግ መስለው ይታያሉ።

በጣም አዘንኩ። ሳነብ ግን ነገሩ የቆየ መሆኑን አወቅሁ። ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲየ በ1758 እ.ኤ.አ. ኮሜት ሲከታተል ሠውር በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ጭጋግ መሳይ ነገር አየ። ንቅንቅ አይልም። ሌላው እንዳይሳሳት ብሎ እንዲህ ያሉትን መመዝገብ ጀመረ። ኤም 5 የሚለው መጠሪያም የመጣው ከእሱ መዝገብ ነው። ያ የመጀመሪያው ጭጋግ ደግሞ በ1054 እ.ኤ.አ. የቻይና ሰማይ ተመልካቾች የመዘገቡት ሱፐርኖቫ፣ ማለትም ፈንድቶ የሞተ ኮከብ፣ ፍርስራሽ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር ማደኑን ትቼ ያለውን መልመድ ያዝኩ። አውስትራሊያዊው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሮበርት ኢቫንስ ከ40 በላይ ሱፐርኖቫ ያገኘው እንዲህ ነው። የብዙ ጋላክሲዎችን መልክ በቃሉ ስለያዘ፣ አንዲት ነጥብ ስትጨመር ወዲያው ያውቃት ነበር። እኔም በየምሽቱ አንድ ጥግ መርጬ በደብተር ላይ መሳል ጀመርኩ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ 20 ደቂቃ እቀመጣለሁ። ደብዛዛ ነገር ሲገጥመኝ አላፈጥበትም። ገለል አድርጌ፣ በዓይኔ ጠርዝ ነው የማየው። ያኔ ፍንትው ይላል።

በ2017 ዓ.ም. መስቀል ዕለት ሱቺንሻን አትላስ የተባለችው ኮሜት ለፀሐይ እጅግ የቀረበችበት ቀን ነበር። በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ወጣሁ። ምሥራቁ በደመና ተዘግቷል። ቀጥሎ ባሉት ቀናትም ሞከርኩ፣ አልሆነም። ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ ግን ወደ ምሽቱ ሰማይ፣ ወደ ምዕራብ ዞረች።

ጥቅምት 5 ማታ፣ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እናደድ ነበር። ያን ማታ ግን ጋቢዬን ደርቤ ሮጥኩ። ጨረቃዋ ልትሞላ ሁለት ቀን ብቻ ስለቀራት ሰማዩ ሙሉ በሙሉ አልጨለመም። ቢሆንም በምዕራብ በኩል፣ ከቬነስ በላይ፣ እንደ ጭስ ሽቅብ የተሳበች ነጭ መስመር ነበረች። ባይኖኩላሩን ሳነሳ ኮሜቷ አጠገብ ሌላ ደብዛዛ ጭጋግ አየሁ። ኤም 5! ያ ያሳሳተኝ ጭጋግ። ሁለቱም በአንድ እይታ ውስጥ ገብተዋል። አንዷ ባለ ጅራት፣ አንዱ ያለ ጅራት።

እናቴ «ምን አግኝተህ ነው፣ ልጄ፣ በዚህ ብርድ?» ብላ ወጣች። በጣቴ አሳየኋት። ባይኖኩላሩን እንቢ አለች። ዓይኗን በመዳፏ ከጨረቃዋ ከልላ ብዙ ቆየች። «ጅራታም ኮከብ ሲታይ ድሮ እንፈራ ነበር። እንዲህ ታምራለች ያለኝ የለም» አለች። በማግስቱ ማታ ደብተሬን ይዘን አብረን ወጣን። ኮሜቷ ኤም 5ን ትታው ሄዳለች።

አሁን የምጠብቀው የሰሜን አክሊል የሚባለውን ስብስብ ነው። እዚያ 3 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ነጭ ድንክ ኮከብ አለ። ከጎኑ ካለው ቀይ ግዙፍ ኮከብ ሃይድሮጅን እየሳበ ያጠራቅማል። ሲሞላበት ይፈነዳል፤ ኖቫ የሚሉት ይህን ነው። በ1866 እና በ1946 እ.ኤ.አ. ፈንድቶ በባዶ ዓይን ታይቷል። በሌላ ጊዜ በእኔ ባይኖኩላር እንኳ አይታይም። በደብተሬ ላይ የአክሊሉን ሰባት ከዋክብት ስዬ፣ እሱ ያለበትን ቦታ ክፍት ትቼዋለሁ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። እናቴም ስወጣ ስታየኝ «መጣ?» ትለኛለች።