የበረት ማንቂያ ስሠራ ሦስት ባትሪ ያስጨረሰኝ ስህተት

መንዝ የሚኖሩትን አጎቴን ጅብ በረት ሰብሮ በግ ስለወሰደባቸው፣ በሩ ሌሊት ሲከፈት የሚጮህ መሣሪያ ልሠራላቸው ቃል ገባሁ። ኢኤስፒ 32 ማይክሮኮንትሮለር (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር) ባትሪ እንዲቆጥብ ዲፕ ስሊፕ በሚባለው ጥልቅ እንቅልፍ ላይ ያድራል፤ በሩ ላይ ማግኔት፣ መቃኑ ላይ ሪድ ስዊች (ማግኔት ሲቀርበው የሚገናኝ፣ ሲርቀው የሚለያይ ማብሪያ) ይታሰራል፤ በሩ ሲከፈት ስዊቹ የተያያዘበት የቺፑ እግር (ፒን) ከዜሮ ወደ አንድ፣ ማለትም ቮልቴጅ ከሌለበት ወደ አለበት፣ ይወጣና ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል። ብየዳው ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ውስጥ፣ በግማሽ ቀን አለቀ።

ወራት ይቆያል ያልኩት 2600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ግን በአምስተኛው ቀን ሞተ። የመንዝ ብርድ ነው ብዬ ሳጥኑን በሱፍ ጠቀለልኩና ሌላ ላክሁ፤ እሱም ሞተ። ከዚያ ቦርዱን የሸጠልኝን ሰው ወቀስኩ፤ «10 ማይክሮ አምፒር ብቻ» ያለኝ ቁጥር የቺፑ እንጂ መብራትና ሬጉሌተር (ቮልቴጅ አስተካካይ) የተጫነበት የቦርዱ ስላልሆነ ዛሬም አልረሳለትም። መብራቱን ነቅዬ የላክሁት ሦስተኛውም አልዳነም።

በመጨረሻ ራሴ ስሄድ፣ በቀትር፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለምን እንደማይዘጉት ብጠይቃቸው፣ «በጎቹ ሜዳ ውለው በሩን ለማን ልዝጋው?» አሉኝ። ጩኸቱንም እኔው በገጠምኩት ማጥፊያ ጠዋት ጠዋት ያጠፉታል። መልቲሜትር ባስገባ 40 ሚሊ አምፒር አካባቢ ይዘላል። የመረጥኩት የማንቂያ ዘዴ የሚያየው የፒኑን መለወጥ ሳይሆን ያለበትን ደረጃ ነበር፤ ፒኑ አንድ ላይ እስካለ ድረስ ፕሮሰሰሩ ገና እንደተኛ ይነቃል፣ ከዲፕ ስሊፕ መንቃት ደግሞ እንደ አዲስ መነሳት ስለሆነ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ጀምሮ መልሶ ይተኛል፣ ይህንንም በጎቹ እስኪገቡ ድረስ ሲደጋግም ይውላል። ጠረጴዛዬ ላይ ስሞክር ማግኔቱን አንስቼ ወዲያው እመልሰው ስለነበር አንድም ቀን አላየሁትም፤ በር ተከፍቶ እንደሚውል በረት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ አልጠየቅሁም።

መፍትሔው ጥቂት መስመር ኮድ ነው፦ ከመተኛቱ በፊት ፒኑን አንብቦ፣ በሩ ክፍት ከሆነ ዜሮ ሲሆን፣ ዝግ ከሆነ አንድ ሲሆን እንዲነቃ ማዘዝ።

ያየኋቸው የኮድ ምሳሌዎች ሁሉ የቺፑን የውስጥ ፑል-አፕ ሬዚስተር (ስዊቹ ሲለያይ ፒኑን ወደ አንድ የሚስበውን) አብሩ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። በሩ ዝግ ሆኖ ባደረ ቁጥር በዚያ ሬዚስተር ከ70 ማይክሮ አምፒር በላይ ይፈሳል፣ ይህም ቺፑ ተኝቶ ከሚበላው ይበልጣል። ሽቦው አጭር ከሆነ ከውጭ 1 ሜጋ ኦም ግጠሙ፤ ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች ደግሞ የውስጥ ሬዚስተር ጭራሹኑ የላቸውም።