ታብሌቱን «ይባላል» ማለት ሳስተምረው

አባቴ ጣሪያ የሚሠራው በእጁ ነው።

ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ፣ ከአፄ ኢያሱ ግንብ ፊት ይቆማል። ግንቡ ዛሬ አናቱ ክፍት ነው። ቀና ስትሉ የሚታያችሁ ሰማይ ነው። አባዬ ቀኝ እጁን አንስቶ አየሩ ላይ ቅስት ይሥላል። ከግራው ግድግዳ ይነሳል፣ መሀል ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀኙ ላይ ያርፋል። ጎብኚዎቹ እጁን በዓይናቸው ተከትለው አንገታቸውን ያዞራሉ። ልጅ ሆኜ አብሬው ስሄድ ያ ጣሪያ በእውነት ይታየኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስጎብኝቷል። ጣሪያውን ስንት ጊዜ እንደሠራው እሱም አያውቅም።

እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ሆኜ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ቅዳሜና እሁዴን የበላው ይኸው የአባዬ ጣሪያ ነው። ታብሌት ላይ ልሠራው ነው የተነሳሁት።

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው ቴክኖሎጂ ካሜራው በሚያየው እውነተኛ ቦታ ላይ የሌለ ነገር ጨምሮ ያሳያል። በ2016 ዓለም ሁሉ ስልኩን ይዞ በየመንገዱ ፖኬሞን ሲያሳድድ የነበረው በዚሁ ነው። ለቅርስ መጠቀም ግን ከዚያም ይቀድማል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግሪክ ውስጥ፣ ኦሊምፒያ ላይ፣ አርኪዮጋይድ የሚባል ፕሮጀክት ነበር። ጎብኚው ኮምፒውተር በጀርባው አዝሎ፣ ዓይኑ ላይ ትልቅ መነጽር አጥልቆ፣ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ እንደገና ቆሞ ያየው ነበር። ያኔ በጀርባ የሚታዘለው ዛሬ ኪስ ውስጥ ይገባል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለምን የኢያሱ ግንብ? የአፄ ፋሲል ግንብ ቆሟል፤ ማንም አይቶ ይረዳዋል። ፖስት ካርዱ ላይ ያለውም እሱ ነው። የልጅ ልጃቸው አፄ ኢያሱ ከ1682 እስከ 1706 ነገሡ። ግንባቸው በዘመኑ ከሁሉም ያማረ እንደነበር ይነገራል። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። ከዚያ ጣሊያን ግቢውን መምሪያው አደረገና በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡት የባሰ ፈረሰ። የቀረው ግድግዳውና የአባዬ እጅ ነው።

ሥራው ከባድ ነው። መጀመሪያ ጂፒኤስ ተጠቀምኩ። ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፤ ከተማ ውስጥ ታክሲ ለመጥራት ምንም አይደል፣ ጣሪያ ለመግጠም ግን አይሆንም። ጣሪያዬ ከግድግዳው ወርዶ ሣሩ ላይ ተንሳፈፈ። ከዚያ ካሜራው ድንጋዮቹን ራሳቸውን እንዲለይ አደረግኩ። ጥቁሩን ባዛልት፣ በመስኮቱና በበሩ ቅስት ዙሪያ ያለውን ቀላ ያለ ድንጋይ፣ የኖራውን መስመር እያየ የት እንደቆመ ያውቃል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ግሩም ሆኖ ሠራ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠፋበት። ጥላው ተገልብጧላ! ድንጋዩ ያው ሆኖ ፊቱ ተለወጠበት። አባዬ አንዱን ግድግዳ በቀን አራት ጊዜ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፣ ለሦስት ሳምንት። ኔትወርክ በሌለበትም እንዲሠራ አድርጌ ሁሉንም ታብሌቱ ላይ ጫንኩት። ክልሉ ውስጥ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ያየ ሰው ይህን ሳይነገረው ያስብበታል።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሥዕሉ ላይ አልነበረም። ታሪኩ ላይ ነበር።

ጣሪያው ከተገጠመ በኋላ የሚተርክ ድምፅ አስፈለገ። ጎብኚው ልጅ ከሆነ አጠር አድርጎ፣ የታሪክ ተማሪ ከሆነ ዘርዘር አድርጎ የሚያወራ። ይህን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰጠሁት። ግንቡን ነገርኩትና «ተርክ» አልኩት። በሰከንዶች ውስጥ ውብ አማርኛ አወረደው። ደስ ብሎኝ ጎንደር ይዤው ሄድኩ።

አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ ታብሌቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንድም ቃል ሳይናገር እስከ መጨረሻው ሰማው። ንጉሡ ከቬኒስ በመጡ ሦስት መቶ መስታወቶች መሀል ቆመው፣ በምን ዓይነት ሐር ተጎናጽፈው፣ ማንን ምን እንዳሉት ይተርካል። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ማን ነገረው?»

መልስ አልነበረኝም። ማንም አልነገረውም። እነዚህ ፕሮግራሞች ከብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጥሎ ቢመጣ የሚመስለውን ቃል ይመርጣሉ። ሦስት መቶ የሚለው ቁጥር አፍ ላይ ስለሚጥም መጣ። ሐሩም እንደዛው።

«ልጄ፣» አለኝ ታብሌቱን እየመለሰልኝ፣ «እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳስጎበኝ ሦስት ቃል ለይቼ ነው የኖርኩት።»

ያንን ከሰዓት በኋላ ግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሦስቱን ቃል አስረዳኝ። ስንት ዓመት አብሬው ስዞር ሰምቻቸዋለሁ፤ ልብ ግን አላልኩም ነበር።

አንዱ «ተጽፏል» ነው። ሻርል ዣክ ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1699 ጎንደር ገብቶ አፄ ኢያሱን አክሟል፣ የጉዞውንም ታሪክ ጽፏል። ይህን አባዬ «ተጽፏል» ብሎ ነው የሚናገረው። ሁለተኛው «ይባላል» ነው። ግድግዳው በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባላል። አባዬ እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ሦስተኛው «አይቻለሁ» ነው። የትኛው ግድግዳ መቼ እንደተጠገነ፣ የቱ ጥግ በክረምት ውሃ እንደሚያሾልክ፣ የቱ ድንጋይ ከቦታው እንደወጣ። ይህን ማንም መጽሐፍ አልጻፈውም።

እንግሊዝኛ ሲያወራም ሦስቱን አያደባልቅም። አስጎብኚ አንዴ «ይባላል»ን ከዋጠ ነገ የሚናገረውን ማን ያምነዋል፣ ነው የሚለው። የእኔ ማሽን ደግሞ ሁሉንም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ እርግጠኝነት ነው ያወራው። ያላየውን እንዳየ።

አዲስ አበባ ተመልሼ የተረኩን ክፍል በሙሉ ደመሰስኩት። እንደገና ስጀምር ማሽኑ ምንም ከራሱ እንዳይጨምር ከለከልኩት። አባዬን ቦታ በቦታ ቀዳሁት። 212 ዓረፍተ ነገር ሆነ። እያንዳንዱ ላይ ከሦስቱ ቃል አንዱ ተለጠፈበት። ማሽኑ የሚሠራው መምረጥ፣ ማስከተል፣ ለሰሚው በሚሆን መልኩ ማሳጠር ብቻ ነው። ሲያሳጥር ሌላውን ቃል መጣል ይችላል፣ «ይባላል»ን ግን አይነካትም። ከ212ቱ ውጭ የሆነ ነገር ሲጠየቅ «ይህን አልተነገረኝም» ይላል።

ሥዕሉንም ቀየርኩት። ከግድግዳው ጋር የሚጋጠመው ቅስት ደመቅ ብሎ ይታያል። የዝሆን ጥርሱና መስታወቱ ግን እንደ ጭስ ሳሳ ያለ ነው፤ በውስጡ ሰማዩ ያልፋል። መጀመሪያ ሁሉንም አድምቄ ሠርቼው ነበር፣ በጣምም ያምር ነበር። አሁን የሚያየው ሰው የቱ ድንጋይ፣ የቱ ወሬ እንደሆነ በዓይኑ ይለያል።

ድምፁ ሌላ ጣጣ ነበረበት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። እኛ ከዓውዱ እናውቀዋለን፣ ማሽኑ አያውቅም። «ንጉሡ እንዲህ አለ» የሚለውን «ለ»ን አጥብቆ አነበበው። «አለ» ጠበቀና «ይኖራል» ሆነ። ግቢው ውስጥ ስሞክረው አብሮን የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። «የት አለ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አፄዎቹ ሁሉ «አሉ» ተባሉ፤ መጀመሪያም በአንቱታ መጠራት ነበረባቸው። «አሉ»ም ያው ይጠብቃል፣ ይላላል። ስለዚህ እያንዳንዱን በጆሮዬ እየሰማሁ አስተካከልኩ። ዓረፍተ ነገሮቹ ሲያልቁ ግን ነገሩን ትቼ የአባዬን የራሱን ድምፅ አስገባሁ። ወደፊት የሚሻል የአማርኛ ድምፅ ይመጣል። የአባዬ ድምፅ ግን ዛሬ ነው ያለው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እንዲህ ያለ መተግበሪያ ጎብኚው ስልክ ላይ ብቻውን ከተጫነ የአስጎብኚውን እንጀራ ይነካል። ጎንደር ውስጥ ያሉ አስጎብኚዎች ኮሮና መጣባቸው፣ ጦርነት መጣባቸው፣ ወራት ሙሉ አንድም እንግዳ ሳያዩ ከርመዋል። እንግዳ ሲመለስ ደግሞ ስልክ ቀድሟቸው ይጠብቅ? ስለዚህ መተግበሪያዬን ለማውረድ አልለቀቅኩትም። ታብሌቱ በአስጎብኚው እጅ ነው የሚሆነው። የሚያወራው እሱ ነው፣ ታብሌቱን ሲፈልግ ይከፍተዋል፣ ሲፈልግ ይዘጋዋል። ሰባት የአባዬ የሥራ ባልደረቦች አሁን ይጠቀሙበታል። «ይህን ብትሸጪው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እንዲህ ሆኖ ነው የሚጠቅመው ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ጥር ለጥምቀት ሄጄ ከአባዬ ጋር ሳለሁ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ከእስራኤል ነው የመጡት። ልጅቷ ዕብራይስጥ እንጂ አማርኛ ብዙም አትሰማም። ሴትዮዋ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከአዲስ አበባ ሲወሰድ፣ አብረው የሄዱ ናቸው። ልጅቷ በታብሌቱ ጣሪያውን እያየች ተደነቀች። አያትየዋ ጣሪያውን ብዙም አላዩትም። ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ማን ገነባው ይላል?» አሉ።

ታብሌቱን ጠየቅኩት። «ይህን አልተነገረኝም» አለ።

አባዬ ደነገጠ። እሱ ሁልጊዜ ይናገረዋል፤ የቤተ እስራኤል ግንበኞች፣ አናጢዎችና ቀጥቃጮች ለጎንደር ነገሥታት ሠርተዋል፣ ተጽፏል። ስቀዳው ግን ክፍል በክፍል፣ ንጉሥ በንጉሥ ነበር ያስሄድኩት። ግንበኛው ክፍል አልነበረውም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

«እናቴ፣ እርስዎ የየት ነዎት?» አላቸው አባዬ።

«የወለቃ።»

በማግሥቱ አብረን ወለቃ ሄድን። ከከተማው ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ ያለች መንደር ናት። በመንገዱ ዳር የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ። ሴትዮዋ ከመንገዱ ገባ ብለው አንድ ባዶ ቦታ ላይ ቆሙ። ቤቱ የለም። አባታቸው እዚህ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። እናታቸው ምጣድ ይሠሩ ነበር። «ቀን ለማረሻው ይለምኑናል፣» አሉ፣ «ማታ ቡዳ ናቸው ብለው ይፈሩናል።» ልጅቷ ምን እንዳሉ ጠየቀች። አያትየዋ በዕብራይስጥ ነገሯት። ረዥም ነበር። ልጅቷ ስትሰማ ቆይታ እጃቸውን ያዘች።

ፈቅደውልኝ 11 ደቂቃ ቀዳኋቸው። እዚያ ቦታ ላይ ቤቱን ልሥልላቸው እንደምችል ነገርኳቸው፤ ጎጆ፣ ወናፍ፣ እሳት። እምቢ አሉኝ። «አንቺ አላየሽውም» አሉ። ስለዚህ ወለቃ ላይ ምንም ሥዕል የለም። ታብሌቱ ቦታው ላይ ሲደርስ የሴትዮዋ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ማታ ቤት ስንገባ ይህ ከየትኛው ቃል ሥር ይገባል ብዬ አባዬን ጠየቅኩት። አልተጻፈም። «ይባላል» ማለትም ነውር ነው፤ የገዛ ቤታቸው እኮ ነው። እኛም አላየነውም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አሰበበት። ከዚያ አራተኛ ቃል ጨመርን፦ «ነግረውኛል»።

የግንበኞቹም ክፍል ገብቷል። ጣሪያው ከመታየቱ በፊት ይመጣል።

ቀጣዩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። እዚያ የተሠወረ ነገር የለም፤ ጣሪያው ላይ መላእክቱ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ከፍተው ይታያሉ። ሥዕል መጨመር አያስፈልግም፣ እኔም አልጨምርም። ስንት እንደሆኑ ብቻ ልጽፍ ፈልጌ ያዙኝ። አንዱ መጽሐፍ 80 ይላል፣ ሌላው 135። «ተጽፏል» ለማለት የትኛውን ልምረጥ? አባዬ ቀሳውስቱን አስፈቅዷል። መጋቢት ላይ እሄድና ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን፣ እሱ ከምሥራቅ እኔ ከምዕራብ ጀምረን እንቆጥራለን።