ጎሪ፦ ጦሩ ሲወጣ ስደቱ ለምን አላበቃም?

በ2008ቱ የጆርጂያና የሩሲያ ጦርነት የሩሲያ ጦር የጆርጂያዋን ከተማ ጎሪን የያዘው ለአሥር ቀን ገደማ ነው፤ ኦገስት 13 ገብቶ ኦገስት 22 ለቀቀ። የጆርጂያ ጦር ኦገስት 11 ስለወጣ ውስጧ ውጊያ አልነበረም። ነዋሪው ግን በሩሲያ የአየር ድብደባ ጊዜ በአብዛኛው ወደ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ሸሽቷል።

የአገሪቱን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኙት ዋናው አውራ ጎዳናና የባቡር ሐዲድ የሚያልፉት በጎሪ በኩል ነው። ከትብሊሲ 80፣ ከጆርጂያ የተገነጠለችው የደቡብ ኦሴቲያ ዋና ከተማ ከትስኪንቫሊ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እዚያ ኬላ የጣለ አገሪቱን ለሁለት ይቆርጣታል። ኦገስት 16 በካስፒ አካባቢ የባቡር ድልድይ ሲፈነዳ ደግሞ ከፖቲ ወደብ ወደ አርሜኒያ የሚሄደው ጭነት ሳይቀር ቆመ።

ስደተኛውን የጎዳው ግን ጦርነቱን ያስቆመው የተኩስ አቁም ስምምነት አምስተኛ ነጥብ ነው። ዓለም አቀፍ ታዛቢ እስኪመጣ ድረስ ሩሲያ «ተጨማሪ የጸጥታ እርምጃ» እንድትወስድ ፈቀደ፤ እርምጃው የሚወሰድበት ቀጠና ወሰን ግን በግልጽ አልተሰመረም። ስለዚህ ጎሪ ከተለቀቀች በኋላም እንደ ካራሌቲ ባሉ ከከተማዋ በስተሰሜን ባሉ መንደሮች የሩሲያ ኬላዎች እስከ ኦክቶበር 8 ቆዩ። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ሥራ የጀመሩት ኦክቶበር 1 ነበር።

አካባቢው የፖም አገር ነው፤ ለቀማው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ይውላል። ገበሬው ኬላው እስኪነሳ ከጠበቀ የዓመቱ ገቢ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል፤ ቀድሞ ከገባ ያልፈነዳ ክላስተር ቦምብ (ብዙ ትንንሽ ቦምቦች የሚበትን መሣሪያ) ይጠብቀዋል። ሁለቱም ወገኖች ክላስተር ተኩሰዋል። ከጆርጂያ ሮኬቶች የተበተነው ኤም 85 የተባለ ትንሽ ቦምብ ጨርቅ መሳይ ጥብጣብ ያለው ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ ቅጠል ውስጥ ሲወድቅ አይታይም፣ ሕፃን ሲያየው መጫወቻ ይመስለዋል። ስለዚህ ፈንጂ አምካኞች እርሻውን እስኪፈትሹ ቅርንጫፍ መጎተትም ሣር ማጨድም አደገኛ ነበር።

የጎሪ ሰው ተመለሰ። የካራሌቲውም ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መሬቱ ላይ ተመለሰ። ከኤሬድቪ፣ ከኩርታ፣ ከአቻቤቲና ከኬኽቪ የሸሹት ጆርጂያውያን ግን መንደራቸው ተቃጥሎ፣ ከደቡብ ኦሴቲያ መስመር ማዶ ቀርቶ ዛሬም ተፈናቃይ ናቸው። የአካልጎሪ ከተማም በሩሲያ እጅ ስለቀረች ከዚያ የወጡት በብዛት ጸሮቫኒ በተባለ ቦታ ሰፈሩ፤ በአውራ ጎዳናው ዳር ወደ 2,000 የሚጠጉ ቤቶች በጥቂት ወራት ተሠሩላቸው።

ብርዳማው ክረምት ሳይገባ ተፈናቃዩን ከተጠለለበት ድንኳንና ከመዋዕለ ሕፃናት ወለል ማንሳቱ ትክክል ነበር። ችግሩ ግድግዳው ሳይደርቅ ሰው መግባቱ ነው፤ እርጥበቱ ውስጥ ስለቀረ በመጀመሪያው ክረምት ብዙ ቤት ሻጋታ አወጣ። ቀለም ደራርቦ መቀባት ሻጋታውን አያጠፋም፤ ግድግዳው በምድጃ ሙቀትና በተከፈተ መስኮት መድረቅ አለበት። ማገዶ በሚቸግርበት ብርድ መስኮት መክፈት ደግሞ ለተፈናቃይ ቤተሰብ ከባድ ምርጫ ነው።