140፣ 140፣ 140

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 140። 7 ሰዓት ተኩል፣ 140። 8 ሰዓት፣ 140። 8 ተኩል፣ 9፣ 9 ተኩል፣ 10፤ ሁሉም 140። ከዚያ ልጅቱ ተወለደች።

እንዲህ ያለ ልብ የለም። በማህፀን ያለ ልጅ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ባለው መካከል ሲወጣና ሲወርድ ይኖራል። ልጁ ሲተኛ ይረጋጋል፣ ሲራገጥ ይፈጥናል፣ ምጡ ሲመጣ ዝቅ ሊል ይችላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከአንዲት ቁጥር ንቅንቅ ያላለ ልብ ወረቀት ላይ ካያችሁ፣ ያን ልብ ያዳመጠው ሰው የለም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሥራ ከያዝኩ 11 ዓመት ሆኖኛል፤ ቤቴ አዘዞ ነው። ባለፈው ክረምት ፈቃድ ወስጄ በምጥ ክትትል ላይ ለሚሠራ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ። ሥራው ካርድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የእናቶችን ፓርቶግራፍ አንድ በአንድ እየገለጡ ወደ ታብሌት ማስገባት ነው። ቆርቆሮው ላይ የጎንደር ዝናብ ይወርዳል፣ ካርዱ ይሸታል፣ አቧራው ያስነጥሳል። የጥናቱ ውጤት የእኔ ስላልሆነ ስለ እርሱ አልናገርም። የካርዱ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለ።

ፓርቶግራፍ የማታውቁ ካላችሁ፣ የምጥ ካርታ ማለት ነው። በአንድ ገጽ ላይ የማህፀን በር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተ፣ የልጁ የልብ ምት፣ የእናቲቱ የደም ግፊትና የምጡ ብዛት በየጊዜው ይሰፍርበታል። እውነተኛው ወረቀት ገና ሲታይ ያስታውቃል። አዮዲን ወይም ደም ነክቶታል፣ ተረኛው ሲቀየር እስክሪብቶውም ይቀየራል፣ አንዱ ነጥብ ተሰርዞ ከጎኑ ሌላ ተጽፏል። ሐሰተኛው ደግሞ ንጹሕ ነው። ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መጨረሻው አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ግፊት፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ልጁ ተወልዶ፣ እናቲቱ ገንፎዋን በልታ፣ ከዚያ በኋላ የተሞላ ነው።

የማውቀው እኔም ስለሞላሁ ነው።

ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ነበር፤ ተቋሙን አልጠራም። አንድ ሌሊት ሦስት እናቶች ምጥ ላይ፣ አዋላጅ ደግሞ እኔ ብቻ። ሦስቱም በሰላም ተገላገሉ። ሲነጋ ግን ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። ተቆጣጣሪ የሚጠይቀው ወረቀቱ መሞላቱን እንጂ መቼ መሞላቱን አይደለም። ሻይ አስቀርቤ ሦስቱንም ሞላኋቸው። 138፣ 144፣ 136፣ 142። ሁሉንም 140 ብዬ አልጻፍኩም፤ ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም። አንዱን እንዲያውም ሆን ብዬ ሰርዤ አስተካከልኩት። ተቆጣጣሪው ወረቀቴን ለሌሎች አርአያ አድርጎ አሳየው።

እንግዲህ በካርድ ክፍሉ ውስጥ የያዝኳቸው ሰነፎቹን ብቻ ነው። እንደ እኔ ያሉትን አልያዝኳቸውም። የእኔ ሦስት ወረቀቶችም አንድ ቀን በአንድ ተመራማሪ እጅ ገብተው፣ ከሌሎች መቶዎች ጋር ተደምረው፣ «ክትትሉ በአግባቡ ተከናውኗል» ከሚለው ጎራ ተቆጥረው ይሆናል።

የሚቆጨኝ ደግሞ ወረቀቱ የተሠራው እንደ እኛ ላለው ቦታ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሪድማን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም የማህፀን በር አከፋፈትን በመስመር አሳየ። በ1972 ደግሞ ፊልፖት እና ካስል የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ ዛሬ ሐራሬ በምትባለው የዚምባብዌ ከተማ፣ በዚያ ላይ ሁለት መስመር ጨመሩበት፤ የማስጠንቀቂያና የእርምጃ መስመር። በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከሆስፒታል ርቃ የምትሠራ አዋላጅ፣ ነጥቧ የመጀመሪያውን መስመር ሲያልፍ እናቲቱን ለመላክ ጊዜ ይኖራታል። የእኛው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈትም ያሰበው ይህችኑ ሴት ነበር። ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ያሠለጠነው ሐኪም ወደሌለበት ገጠር በቡድን እንዲወርዱ ነው። ታዲያ የሩቅ ቦታ አዋላጅ በጊዜ እንድትጮህ የተሠራውን ወረቀት፣ ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ሞልተን ማኅተም እናሳርፍበታለን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ወረቀቱን ለውጦታል። በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ያልተከፈተችን እናት ሁሉ የሚከስሰው መስመር ወጥቷል፤ ምጡ ጠንክሯል የሚባለውም ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ነው። አብሯት የሚሆን ሰው አላት ወይ፣ የምትጠጣው አግኝታለች ወይ የሚሉ ሳጥኖች ገብተውበታል። ይህን ወድጄዋለሁ። ግን አዲሱም ወረቀት ቢሆን ሲነጋ ከሻይ ጋር ሊሞላ ይችላል።

«ማሽን ለምን አይገባልንም?» የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ሆድ ላይ ታስሮ የልጁን ልብ ያለማቋረጥ ወረቀት ላይ የሚስለውን ማለታቸው ነው። ማሽን መቼም ሻይ እየጠጣ አይዋሽም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመውን የደብሊን ሙከራ አንብቡ። 12,964 እናቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በማሽን፣ ግማሾቹ በጆሮ፣ ማለትም ሆድ ላይ ተደግፎ በሚደመጥበት ጡሩምባ። በማሽን በተከታተሏቸው ዘንድ የሚንቀጠቀጡ ጨቅላዎች በግማሽ ቀነሱ። የሞቱት ልጆች ግን ከሁለቱም ወገን እኩል ነበሩ፤ ልጆቹ 4 ዓመት ሲሞላቸው የአንጎል ጉዳቱም ልዩነት አልታየበትም። ከዚያ ወዲህ ሙከራዎቹ ተደምረው ሲታዩ ደግሞ ማሽኑ በቀዶ ጥገና የሚወልዱትን ያበዛል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ጡሩምባችን ይበቃናል» ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ቀስ በሉ። በዚያ በደብሊን ሆስፒታል በጆሮ የተከታተሏት እያንዳንዷ እናት አጠገብ ሌላ ሥራ የሌላት አንዲት ነርስ ነበረች። ማሽኑን የተስተካከለው የእንጨቱ ጡሩምባ ሳይሆን ያቺ ነርስ ናት።

ይህንን ከሁሉ ይልቅ ያሳየኝ የሐራሬው ሙከራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ። 1,255 እናቶች በዕጣ ለአራት ተከፈሉ። አንደኞቹ በማሽን፣ ሁለተኞቹ የልቡን ድምፅ ከፍ አድርጎ በሚያሰማው የእጅ መሣሪያ በዶፕለር፣ ሦስተኞቹ በፌቶስኮፕ፣ ማለትም በዚያው በጡሩምባችን፣ አራተኞቹም በፌቶስኮፕ። የሦስተኞቹና የአራተኞቹ ልዩነት ያዳመጠችው ሰው ናት፤ አንደኛዋ ለጥናቱ የተመደበች አዋላጅ፣ ሌላዋ የዘወትር ተረኛ። የልብ ምት መዛባት የተገኘው በማሽን ከመቶ 54፣ በዶፕለር 32፣ በጥናቷ አዋላጅ ፌቶስኮፕ 15፣ በተረኛዋ ፌቶስኮፕ 9 እናቶች ላይ ነው። ብዙ ማግኘት ብቻውን መልካም እንዳልሆነ ደብሊን ነግሮናል፤ እሺ። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው 15 እና 9 ላይ ነው። ዕቃው አንድ፣ ከተማው አንድ፣ እናቶቹ በዕጣ የተከፈሉ። ተረኛዋን አውቃታለሁ። እኔ ነኝ።

በካርዶቹ ላይ ሌላም 140 አለ። ከወሊድ በኋላ የፈሰሰው ደም፣ የሁሉም እናት፣ 300 ሚሊ ሊትር ነው። ጨርቅ አይተን እንገምታለን፣ 300 እንላለን። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ፣ በተለመደው መንገድ ከመጠን በላይ ከደሙት መካከል የታወቀላቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳየ። ከእናቲቱ በታች የሚዘረጋ፣ መለኪያ የተጻፈበት ፕላስቲክ ሲሰጣቸውና ሕክምናው ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዲጀመር ሲሠለጥኑ፣ የሚታወቅላቸው ከመቶ 93 ደረሱ፤ ከባዱ ችግርም በ60 ከመቶ ቀነሰ። መቼም ፕላስቲክ ነው፤ ከዚህ የረከሰ ነገር የለም።

ከካርዱ ሁሉ የወደድኩት ዓምድ ደግሞ «የመጨረሻ የወር አበባ ቀን» የሚለው ነው። እዚያ የምትዋሽ አዋላጅ የለችም፤ እናቶቹ ራሳቸው ቀኑን በበዓል ነው የሚቆጥሩት። «ፍልሰታን ስይዝ» ካለች ነሐሴ 1 ነው፤ 9 ወር ጨምሬ፣ ጳጉሜን ስላለፈች 5 ቀን ብቻ አክዬ ግንቦት 6 ትደርሳለች እላለሁ። «ፋሲካ የተፈሰከ ለት» ስትለኝ ግን ዓመቱን ፈልጌ ባሕረ ሐሳብ ልቆጥር ነው። አልትራሳውንድ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ይታይ የሚባለው ለዚህም ጭምር ነው። ሆኖም የፋሲካዋ እናት ብዙ ጊዜ ከእኛ ስሌት ትበልጣለች።

እንዲህ ብላኝ የነበረች አንዲት እናት ምጧ የመጣው በከተራ ሌሊት ነው። ታቦታቱ ወርደው ፋሲለደስ መዋኛ አድረዋል፤ እኔ ያለሁበት ጤና ጣቢያ ከቀሃ ወንዝ ብዙም አይርቅ። ከበሮው፣ ጭብጨባው፣ እልልታው መስኮቱን አልፎ ይገባል። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ያመጧት አማቷ ናቸው፤ ስምንት የወለዱ፣ ጠና ያሉ ሴት። ፌቶስኮፔን ሳወጣ ገላመጡት።

«እኔ ስምንቱንም በቤቴ ነው የተገላገልኩ። ማንም ጆሮውን ሆዴ ላይ አልለጠፈም» አሉ።

«ስምንቱም አደጉልዎ እማማ?»

ዝም አሉ። ቆይተው «አምስቱ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ግን አንገቴን ቀና ባደረግሁ ቁጥር፣ «ምን አለሽ?» ይሉኛል፤ ልጁ የነገረኝ ነገር ያለ ይመስል።

«138 አለኝ እማማ።»

«ደግ ነው?»

«ደግ ነው።»

«እሰይ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ይላሉ ወደ ምራታቸው ዞረው።

ዶፕለሩ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ባትሪው ካለቀ ሁለተኛ ሳምንቱ። ከዶፕለር የምወድለት እናቲቱም አማቷም መስማታቸውን ነው። የፌቶስኮፑን ግን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ፤ ያዳመጥኩትም ያላዳመጥኩትም በእኔ ቃል ይታመናል። ያን ሌሊት ደግሞ ከበሮው ከልቡ ጋር እየተደባለቀ አስቸገረኝ። የእናቲቱን የእጅ ትርታ በአንድ እጄ ይዤ፣ የልጁ ከእርሷ የተለየ መሆኑን እያረጋገጥኩ ነበር የምቆጥረው።

8፡40 ላይ ሌላ እናት እያማጠች ደረሰች፤ ከባጃጅ ላይ ወደ አልጋ። እርሷን አዋልጄ፣ እንግዴ ልጁን ተቀብዬ፣ የደሟን መቆም አይቼ ስመለስ 9፡30 ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ ምጡ ለቋት ነበር፤ ልቡ ግን አልተመለሰም። 104። እንደገና ቆጠርኩ። 98።

«ምን አለሽ?»

«ደክሞኛል አለኝ እማማ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ፤ ቁጣ ነበረበት።

በግራ ጎኗ አስተኛኋት፣ ተረኛውን ጤና መኮንን አስጠራሁ። የማህፀን በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል፣ ጭንቅላቱም ወርዷል፤ በቫኩም አወጣው። ወንድ ነው። አልጮኸም። አደራረቅነው፣ በአየር መስጫው ጥቂት ጊዜ ተነፈሰለት፤ ከዚያ አለቀሰ፤ አማቷም እልልታቸውን አቀለጡት። ውጭ ያሉት ታቦት አክባሪዎች ስለ ጥምቀቱ መስሏቸው ይሆን እንጃ፣ ከመንገድ ላይ ሌላ እልልታ ተቀበላቸው።

ሲነጋጋ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብያት ወደ ጠረጴዛው ሄድኩና ወረቀቱን አነሳሁ። 138፣ 146፣ 132 ተጽፎበታል፤ 8፡30 ላይ 140 አለ፣ እውነተኛ 140። ቀጥሎ ያሉት ሳጥኖች ባዶ ናቸው። 9 ሰዓት ላይ 136 ብጽፍበት ማንም አያውቅም፤ ልጁም እናቱ ጡት ላይ ነው። እስክሪብቶውን አንስቼ በባዶዎቹ ሳጥኖች ላይ በጠባቡ፣ «ሌላ እናት ጋር ነበርኩ» ብዬ ጻፍኩ።